ሊቀመንበሩ በየትኛው ይመቱ?

«ሊቀመንበሩን በየትኛው ነበር ሊመቷቸው ያሰቡት አባባ? በትልቁ ወይስ በትንሹ?» አለኝ ጓድ ደምሴ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።

«ገና አልወሰንኩም» አልኩት።

እውነቴን ነበር። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቼ የከረምኩት በዚሁ ጉዳይ ነው። በትልቁ ብመታቸው በላብ ይጠመቃሉ፤ በትንሹ ብመታቸው ዓይናቸው ይፈጣል። እኔ የማወራው ስለ መብራት ነው፤ ፎቶ አንሺ ነኝ። ጓድ ደምሴ ግን ይህን አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። ለምን ብዬ? አሰብ ላይ እኔን የማያውቅ ሰው አለ ብዬ መች አሰብኩ! ለካ ሰውየው ከደጋ ተሹሞ በአውሮፕላን የወረደ፣ የቀበሌያችን አዲሱ የጥበቃ ኃላፊ ኖሯል። አሰብ ከገባ ገና ላቡ አልደረቀም። ለነገሩ አሰብ ውስጥ የማን ላብ ደርቆ ያውቃል?

ሰው ብዙ በመናገሩ ታሰረ ሲባል ሰምታችኋል። ጥቂት በመናገሩ የታሰረ ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እኔን እዩ። ስሜ ተሰማ ነው፤ ድምፄ ግን ብዙም ተሰምቶ አያውቅም። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። አሰብን ለሚያውቅ ይህ ተረት አይደለም፣ የጤና ምክር ነው። በዚያ በጓድ ዘመን ደግሞ አፍ የሚከፈተው ለጉርሻና ለመፈክር ብቻ ነበር። ስለዚህ ሌላው በእንስራ የሚቀዳውን ወሬ እኔ በሲኒ እጨርሰዋለሁ። ባለቤቴ ወርቄ፣ «አንተን ከማናገር የወደቡን ክሬን ማናገር ይሻላል፤ እሱ እንኳ ሲዞር ይንጫጫል» ትለኛለች።

እንዲያ ስቆጥብ ስቆጥብ፣ አንድ ቀን መቆጠብ የሌለባትን አንዲት ቃል ቆጠብኩ። ቃሏ «ፎቶ» ናት።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ፎቶ ቤቴ ከወደቡ ወደ ከተማ በሚያስወጣው መንገድ ላይ ነበረች። ጠባብ ናት፤ የቀበሌ ቤት ናት፤ በሯ ላይ ጽሑፍም ሆነ ፎቶ ሰቅዬ አላውቅም፤ እኔና ወርቄ ግን እንጀራችን ከሌላ ከየትም አይመጣም። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት በመስኮት ብርሃን ነው። መስኮቱ ላይ ነጭ አቡጀዲ እጋርዳለሁ፣ ሰውየውን ከጎኑ አስቀምጣለሁ፣ አነሳለሁ፣ በቃ። የአሰብ ፀሐይ ሌላውን ሰው ስታቃጥል ትውላለች፤ ለእኔ ግን ያለ ደመወዝ የተቀጠረች ሠራተኛ ነበረች። ቀርታ አታውቅም፤ ዓመት ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።

ታዲያ አንድ ጊዜ በጎን በኩል ካለው መስኮቴ ፊት ለፊት የዕቃ መጋዘን ይሠራ ተባለ። ግድግዳው ቀን በቀን እያደገ፣ እያደገ፣ ሠራተኛዬን ከሥራ አባረራት። እኔ ግድግዳ ሲያድግ ዝም ብዬ አየሁ። ማንን ልጠይቅ? በዚያ ዘመን «ይሄ ግድግዳ ለምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ ግድግዳውን ከውስጥ በኩል ሊያየው ይችል ነበር። ደንበኞቼ ግን ዝም አላሉም። አንዱ የጉምሩክ ጸሐፊ ፎቶውን ተቀብሎ ወደ በሩ ወስዶ፣ ገልብጦ፣ መልሶ አየና «አባባ ተሰማ፣ ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ጥላዬ ነው?» አለኝ።

መብራት ሊገዛ ሆነ። መብራት ከተባለ ደግሞ ዓሊ ነው።

ዓሊ የአሰብ ልጅ ነው። ሱቁ ከእኔ ትይዩ ነው። ከሳሙና እስከ ራዲዮ የሌለው ዕቃ የለም፤ ከመርከበኛ ሁሉ ጋር ወንድም ነው፤ ዓሊ ሱቅ የጠፋ ዕቃ ገና ባሕር ላይ ነው ይባላል። ችግሬን ስነግረው (ማለት መስኮቱን በጣቴ ሳሳየው) ከጓዳ ሁለት ነገር አወጣልኝ። አንዱ ትልቁ ነው፦ ሁለት ፓውዛ፣ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ያላቸው፣ በላያቸው ነጭ ጃንጥላ የሚሰካባቸው። ሁለተኛው ትንሹ ነው፦ ፍላሽ። መዳፍ ላይ ቁጭ ይላል፤ ካሜራው አናት ላይ ይሰካል፤ የባትሪ ድንጋይ ይጎርሳል፤ ብልጭ ይልና ያልቃል።

«ያ ተሰማ! ወላሂ ሁለቱም አንደኛ ናቸው» አለኝ።

ወዲያው ጠረጠርኩ። ነጋዴ አንዱን ዕቃ ሲያመሰግን ሌላውን ያማል፤ ሁለቱንም እኩል ካመሰገነ፣ በሁለቱም ተቸግሯል ማለት ነው። በተለይ ጃንጥላው አልዋጥልህ አለኝ። አሰብ ላይ ጃንጥላ? ልጆቻችን ዝናብ የሚባል ነገር መኖሩን የሚማሩት ከትምህርት ቤት ነው! ያውም ቤት ውስጥ፣ ያውም ለመብራት! ዓሊ መብራቱ ጃንጥላውን መትቶ ሲመለስ ለስልሶ ፊት ላይ እንደ ቅባት እንደሚፈስ አስረዳኝ። አንዱ ጃንጥላ ብቻ ነበር የደረሰው፤ ሁለተኛው ገና መርከብ ላይ ነው አለኝ። ይህም አጠራጠረኝ። መርከበኛ ለምን አንዱን ጃንጥላ ያስቀራል? ለራሱ እንዳይባል፣ ባሕር መሐል የሚኖር ሰው ከመርጠብ ምን ይሸሻል?

እንግዲህ ከሁለቱ መምረጥ ሊኖርብኝ ነው። ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ፓውዛ ግልጽ ሰው ነው። ቆሞ ያበራል፤ የሚያሳይህን እያየህ ታነሳለህ፤ ጥላው የት እንደወደቀ፣ አፍንጫው የት እንዳበቃ ታውቃለህ። ክፋቱ ሙቀቱ ነው። አሰብ ላይ ፓውዛ ማብራት፣ ገሃነም ገብቶ ክብሪት እንደ መጫር ነው። ቆጣሪውንም ያስለቅሰዋል፤ የሰፈሩን መብራት ብቻውን ጠጥቶ ጎረቤት ያጣላል። ፍላሽ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ አይሞቅ፣ አይበርድ፤ አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ምን እንዳየ የምታውቀው ግን ፊልሙን ካጠብክ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። እንዲህ ዓይነት ሰው በየሰፈሩ ነበረን፤ ስሙን አልናገርም።

ወርቄን አማከርኳት። «ትልቁን ከገዛህ ለእኔ መቀመጫ የለም» አለች፤ «ትንሹን ከገዛህ ደግሞ ለአንተ መመለሻ የለም። ካሜራህን አንግተህ ሠርግ ለሠርግ ልትዞር ነው አይደል? አውቄብሃለሁ!» ሚስት ስትጠረጥር መብራት አያስፈልጋትም። እኔ ግን የፈራሁት ሠርጉን አልነበረም፤ ባሕሩን ነው። ፍላሽ ይዤ ወደ ውጭ ልውጣ ብል፣ አመሻሽ ላይ በባሕሩ ዳር አንዴ ብልጭ ካደረግኩ፣ ለማን መርከብ ምልክት እንደሰጠሁ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ምን ብዬ ልመልስ ነው? «ሙሽራ ናት» ልበል?

እንዲህ ሳመነታ የቀበሌ ሊቀመንበራችን ጓድ በላቸው መጡ። ለጽሕፈት ቤታቸው ግድግዳ የሚሰቀል፣ ትልቅ፣ ግርማ ያለው ፎቶ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ቅዳሜ እመጣለሁ አሉ። ሲወጡ ጣሪያውን ሽቅብ አይተው፣ በጣታቸው ግድግዳውን ኳ ኳ አድርገው፣ «ቤቱ የቀበሌ ነው አይደል ጓድ ተሰማ?» አሉኝ። ነው አልኩ። «ታዲያ ይመርልኝ እንጂ» አሉና ሄዱ። ይህ ጥያቄ አልነበረም። ፎቶው ካላማረ፣ ቤቱ ለሌላ ያማረ ሰው ይሰጣል ማለታቸው ነው።

ጉድ ፈላ። መንገዱን ተሻግሬ ዓሊ ሱቅ ገባሁና እንደ ልማዴ ወሬዬን በሲኒ ቀዳሁለት።

«ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ይነሳሉ። በየትኛው ልምታቸው?»

እዩት እንግዲህ! «ፎቶ» የምትለዋን ቃል ምን አለ ብጨምራት? ግን ለዓሊ ምን ያደርግለታል? ፎቶ አንሺ «ይነሳሉ» ካለ ሌላ ምን ይነሳል? ችግሩ «ይነሳል» የምትለዋ ቃል በእኛ አገር ሁለት ጌታ ያላት መሆኗ ነው። ሰው ፎቶ ይነሳል፤ ሰው ከወንበሩም ይነሳል። ሊቀመንበር ደግሞ፣ ስሙ እንደሚለው፣ ከሰው ሁሉ ይልቅ ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ነው።

ዓሊም ያለ ክፋት መለሰ። «በትልቁ ምታቸው! ከግራና ከቀኝ ትይዛቸዋለህ፣ መላወሻ የላቸውም።»

«ትንሹስ?»

«ትንሹም ጥሩ ነው። ኪስ ይገባል፤ ሳያስቡት ብልጭ ነው። ግን ከሩቅ አይመታም፣ ጠጋ በልባቸው። ደህና አድርገህ አጉርሰው።»

«ሁለተኛው ጃንጥላስ?»

«ዓርብ ይወርዳል፣ ኢንሻላህ!»

በሱቁ ጥግ ሳሙና ሊገዛ የገባ አንድ እንግዳ ሰው ቆሞ ነበር። ሳሙናውን መደርደሪያው ላይ ትቶ ወጣ። ሽታው አልተስማማው ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ያ ባለ ሳሙና፣ ለካ ጓድ ደምሴ ኖሯል፣ ጠመንጃ ይዞ፣ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ ደጃፌ ላይ ቆመ። ሱቄ ታሸገ። ወረቀት ተለጥፎ ማኅተም ሲመታበት ወርቄ «ኧረ በሕግ! ምን አደረገ?» አለች። እኔን እንጂ እነሱን አልጠየቀችም፤ ሚስት ናትና ከመንግሥት ይልቅ እኔን ነው የምትጠረጥረው።

እነሆ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገብቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ገና አልወሰንኩም» ስለው ጓድ ደምሴ የሆነ ነገር ያገኘ ሰው መሰለ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በለሆሳስ ቀጠለ።

«ዓርብ በጃንጥላ የሚወርዱት ስንት ናቸው?»

«አንድ ነው» አልኩ።

«አንድ ብቻ?»

«ሌላው ወርዷል።»

ጓድ ደምሴ ወደ መስኮቱ ዞሮ ሰማዩን አየ። ያን ጊዜ ጃንጥላ ማለት ከሰማይ ወታደር የሚወርድበት ነገርም እንደሆነ እኔ መች ትዝ አለኝ! ሰውየው ሰማዩን ሲያይ እኔም ሰማዩን አየሁ። ደመና የለም። የደጋ ሰው ነው፣ ጃንጥላ ሲሰማ ዝናብ ናፍቆት ነው ብዬ አዘንኩለት።

«እሺ፤ የወረደው አሁን የት ነው ያለው?»

«ዓሊ ጓዳ።»

«ከመቷቸውስ በኋላ? ምን ሊያደርጓቸው ነበር?»

የሥራ ጥያቄ ነው፤ ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል። «ጨለማ ክፍል አስገባቸዋለሁ» አልኩት።

«ከዚያስ?»

«መድኃኒት ውስጥ እነክራቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«አጥቤ በገመድ እሰቅላቸዋለሁ። እስኪደርቁ።»

እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ፣ የዝምታ ባለሙያው! ከዚያ ይህን ሁሉ ማን እንዳዘዘኝ ጠየቀኝ።

«ራሳቸው» አልኩት። «እዚህ፣ እርስዎ ከተቀመጡበት በላይ እንድሰቅላቸው ይፈልጋሉ።»

ጓድ ደምሴ ቀና ብሎ ባዶውን ግድግዳ አየ። ከዚያ እኔን አየ። ከዚያ እንደገና ግድግዳውን አየ። በዚህ መሐል ነው ጓድ በላቸው ራሳቸው በር ከፍተው የገቡት። «እንዴ ጓድ ተሰማ! ለቅዳሜው ፎቶ ነው የመጣኸው?» አሉ።

ያቺ የቆጠብኳት ቃል ከሰው አፍ ወጣች። ጓድ ደምሴ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ነገሩን ሁሉ ሲነግራቸው ሊቀመንበሩ ሳቁ። የሳቁት ግን በከንፈራቸው ነው፤ ዓይናቸው አልሳቀም። ጥርጣሬ እንደ አሰብ አሸዋ ነው፤ አንዴ ከገባ አራግፈኸው አይወጣም። «ይነሳሉ ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ። ሲስቁም «ሃ! ይነሳሉ!» ይላሉ። በመጨረሻ እንዲህ ወሰኑ፦ እሽጉ ለቅዳሜ ይነሳ፤ ፎቶው ይነሳ፤ ጓድ ደምሴ ከነጠመንጃው አጠገባቸው ይቁም፤ ወንበሩ ላይ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ተቀምጦ ይሞክረው። ጓድ ደምሴ የሊቀመንበርን ወንበር እንዲሞክር ያዘዙት ራሳቸው ሊቀመንበሩ መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ዓሊ ትልቁንም ትንሹንም አምጥቶ፣ «ያ ተሰማ፣ ሞክረህ የወደድከውን ያዝ፤ እኔን ግን እዚህ አላየኸኝም» ብሎ ጠፋ። በትልቁ ለመምታት ቆረጥኩ። እያየሁ የማነሳበት ይሻለኛል፤ ዘንድሮ ሳያዩ መሥራት አደጋ አለው አልኩ። ሁለቱን ፓውዛ ከግራና ከቀኝ ተከልኩ፣ ጃንጥላዎቹን ዘረጋሁ፤ ትንሹን ደግሞ ምናልባት ብዬ ድንጋይ አጉርሼ ካሜራው አናት ላይ ሰካሁት። በሩ ተዘጋ። መስኮቱን መጋዘኑ ቀድሞ ዘግቶታል።

ጓድ ደምሴ ወንበሩን ሞከረ። ከሚያስፈልገው በላይ ትንሽ ቆየት ብሎ ተነሳ። ከዚያ ሊቀመንበሩ እስከ አንገታቸው በተቆለፈ ወፍራም ኮት ተቀመጡ። ከካሜራው ወደ ኋላ ርቀው ስለነበር «ጓድ፣ አንድ እርምጃ» አልኳቸው፣ ጠጋ ይበሉ ለማለት። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ምን እርምጃ? በማን ላይ?» አሉ። ወርቄ በፍጥነት፣ «ጠጋ ይበሉ ነው የሚልዎ ጌታዬ፤ ለእሱ ቃል እንደ ጥርስ ነው፣ ሲያወጣ ያመዋል» ብላ አዳነችኝ።

ፓውዛው በራ። ግሩም ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ እንደዚያ ያለ ብርሃን በሕይወቴ አላየሁም፤ የሊቀመንበሩ ፊት ላይ ያልነበረ ደግነት ሁሉ ታየ። ግን ወዲያው ላብ ጀመረ። ከግንባር ወደ ቅንድብ፣ ከቅንድብ ወደ ጉንጭ፣ ልክ እንደ እንባ። ወርቄ በፎጣ ትጠርጋለች፤ እንደገና ይፈልቃል። በካሜራው ሳያቸው ለአብዮቱ የሚያለቅሱ ይመስላሉ፤ ለድሉ ይሁን ለሽንፈቱ ግን አይታወቅም። ይህን አንስቼ የት ልሰቅለው ነው? ቆየሁ። ጠበቅሁ። እሳቸውም «ቶሎ በል እንጂ ሰውዬ!» አሉ።

ይኼኔ ጓድ ደምሴ አዘነላቸው። አዘነላቸው እንበል። ጥግ ላይ የነበረውን ቬንቲላቶር አንስቶ ስፒናውን ሰካው።

ቧ!

የቆጣሪው ቫልቮላ ተቃጠለ። ሁለት ፓውዛ ላይ ቬንቲላቶር ሲጨመር ሌላ ምን ይሆናል? ቤቱ ጭልም አለ። የገዛ እጄን እንኳ አላየሁትም። ከጨለማው ውስጥ ከጓድ ደምሴ በኩል «ቀጭ» የሚል ነገር ሰማሁ። ጠመንጃ ሲቀባበል ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ሰው ወዲያው የሚነካውን ነገር ይነካል። አንዱ መስቀሉን ይነካል፣ አንዱ ኪሱን። የእኔ ጣት የለመደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱኑ ተጫነው።

ብልጭ!

«ተመታሁ!» ብለው ጮሁ ጓድ በላቸው።

በሩ ሲከፈት ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ናቸው፤ ደህና ናቸው፤ ዓይናቸውን ያሻሉ። ማንንም ሳያዩ ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ። ከደጅ ሆነው ነው ያዘዙት፦ ፊልሙ ይቃጠል፤ ቤቱ ይታሸግ።

ጓድ ደምሴ ለማስፈጸም ቀረ። እሱ ግን ፊልሙ ሳይታጠብ አይቃጠልም አለኝ። ያልታየ ነገር እንዴት ይቃጠላል? ምን እንደነበረ በምን ይታወቃል? የሕግ ሰው ነው፣ ምን እላለሁ። ቫልቮላውን ቀይሬ ጨለማ ክፍል ገባሁ፤ ፊልሙን አጥቤ ወረቀት ላይ አተምኩት፤ እሱም ጠመንጃውን ይዞ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ፎቶው ከመድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ።

እግዚኦ! ጓድ በላቸው አፋቸውን ከፍተዋል፤ ዓይናቸው ፈጧል፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተዋል። እጅ የሰጠ ሰው ከዚህ በላይ እጅ አይሰጥም። ከኋላቸው ደግሞ ጥላቸው ግድግዳውን ሞልቶ ቆሟል፤ ፍላሽ ሲባል ጠባዩ ነው፣ ከሰው ጀርባ ሌላ ጥቁር ሰው ያቆማል። ጓድ ደምሴ ፎቶውን ከነውኃው አንስቶ በር ላይ አየው።

«ከኋላቸው ያለው ማነው?»

«ጥላቸው» አልኩት።

«‹እጅ ወደ ላይ!› ያላቸው እሱ ይመስላል» አለ። ከዚያም ፊልሙም ፎቶውም እንደሚቃጠል ነግሮኝ ሁለቱንም ኪሱ ከተታቸው። ኪስ ምድጃ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ሱቄ ዳግመኛ ታሸገ። የመጀመሪያው እሽግ በወረቀት ነበር፤ ይሄኛው ሰንሰለት ተጨመረበት። እኔም ደጃፍ ላይ ተቀምጬ መርከብ መቁጠር ጀመርኩ። የምንበላው ከዓሊ ሱቅ በዱቤ ነው። ወርቄ ትመጣና ከጎኔ ትቀመጣለች፤ «አፍህም ተዘጋ፣ በርህም ተዘጋ፤ እንግዲህ ዝንቧ የት ትግባ?» ትለኛለች። ትልቁ ይሻል ነበር ወይስ ትንሹ? ይህን ሳወጣ ሳወርድ እውላለሁ። ሌላም ነገር አስባለሁ፦ ያን ያህል የሚጠረጥር ሰው፣ ሁለት ፓውዛ እየነደደ፣ ቬንቲላቶሩን ለምን ሰካው? የደጋ ሰው ስለሆነ ይሆናል። ይሆናል እንጂ።

ከዕለታት አንድ ቀን ዓሊ መንገዱን እየሮጠ ተሻግሮ መጣ።

«ያ ተሰማ! ተነሱ!»

«እነማን?»

«ሊቀመንበሩ ናቸዋ! ዛሬ ጠዋት በአውሮፕላን ሸኟቸው። ለትምህርት ነው አሉ። ወላሂ ቅዳሜ ይነሳሉ ብለኸኝ ነበር፤ ቅዳሜዋን ብቻ ነው የሳትካት!»

ፎቶው ነው ያስነሳቸው እንዳልል፣ ፎቶው የት እንደደረሰ አላየሁም። ፎቶው አይደለም እንዳልል ደግሞ፣ የት ኪስ እንደገባ አይቻለሁ። ከተማው ግን እንደ እኔ አላመነታም። «አባባ ተሰማ ያነሳው ሰው ይነሳል» ተባለ። በታሸገ ሱቅ ደጃፍ ሰው ይመጣብኝ ጀመር። አንድ መምህር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ርእሰ መምህራችንን አያነሱልንም? ከየትም ጎን ቢሆን ግድ የለም» አለኝ። ያ የጉምሩክ ጸሐፊ ደግሞ የአለቃውን የሥራ መውጫ ሰዓት ነገረኝ። ሌላው፣ ምስኪን፣ ሙቀቱ ያንገሸገሸው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ «ለእኔ ለራሴ ነው የምፈልገው፤ እኔን አንሱኝና ወደ ደጋ ልዛወር» ብሎ ለመነኝ። ሱቄ ታሽጎ እንደዚያ ገበያ ደርቶልኝ አያውቅም።

ከዚያ አዲሱ ሊቀመንበር ተሾመ። ጓድ ደምሴ ነው። ይቅርታ፣ ጓድ ደምሴ ናቸው። ወንበሩን አስቀድመው ሞክረውት ነበርና አልከበዳቸውም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ራሳቸው መጡ። ጠመንጃ የለም፤ እስከ አንገት የተቆለፈ ኮት አለ። ወርቄ ክንዴን ጨበጠችኝ። ሰንሰለቱን ፈቱ፣ ወረቀቱን ቦጨቁ፣ በሩን ገፋ አደረጉት። ሁለቱ ፓውዛ አቧራ ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው እንደቆሙ ናቸው፤ ፍላሹም ካሜራው አናት ላይ ቁጭ ብሏል። ጓድ ሊቀመንበር ሁሉንም በየተራ አዩ። ወንበሩንም አዩ።

የሰው ውለታ አይረሳም፤ የእኔም ትምህርት አይረሳም። ዛሬስ ቃል አልቆጥብም አልኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቃሏን ከፊት አስቀድሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ፎቶ! የግድግዳ ፎቶ! ፎቶ ላንሳዎት?» አልኳቸው።

ወደ ኋላ ሸሹና የበሩን መቃን ያዙ።

«አባባ፣ ሱቅዎን ይክፈቱ፤ ያሻዎትን ሰው ያንሱ፤ እኔን ግን፣ በትልቁም ይሁን በትንሹ፣ አደራዎን እንዳያነሱኝ!»